የታወቀ ሕመም የሸፈነው ሕመም፤ የሙዚቃ ደራሲው የጆርጅ ገርሽዊን ሕይወት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባባሉ ጥፋቱን የሚጥለው በሕመምተኛው ላይ ነው፤ ሕመሙን ለሐኪምና ለወዳጅ ገልጦ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር የሚል ሐሳብ አለበት። ይሁን እንጂ በሽታውን ሳይደብቅ፣ እንዲያውም ደጋግሞ እየተናገረ፣ የሚያደምጠው ያጣ ሰውም አለ። ይህ ዕጣ በአብዛኛው የሚደርሰው አስቀድሞ የታወቀና ስም የወጣለት፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ቢያመው ስኳሩ ነው ይባላል፤ አስም ያለበት ደረቱን ቢወጋው አስሙ ነው ይባላል፤ ጨጓራዬን እያለ የኖረ ሰው ራሱን ቢያዞረውም የዚያው የጨጓራው ጣጣ ነው ተብሎ ይመለሳል። የቀድሞው ሕመም ለአዲሱ መጋረጃ ይሆናል። መጋረጃውን ገልጦ የሚያይ ከጠፋም አዲሱ ሕመም በሰላም ያድጋል።

የመሐንዲሶች ማኅበር ዓመታዊ መጽሔት የአንድን የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት ማውጣቱ ለአንዳንድ ባልደረቦቻችን እንግዳ ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን የብልሽትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት የሐኪም ብቻ ሳይሆን የመሐንዲስም የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የአሜሪካዊው የጆርጅ ገርሽዊን ሕይወት፣ በተለይም የመጨረሻዎቹ አምስት ወራት፣ ይህን ሥራ በሚመለከት ከብዙ የሙያ መጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት ይዘዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ሙያው

ገርሽዊን በሴፕቴምበር 26 ቀን 1898 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ተወለደ። ወላጆቹ ሞሪስና ሮዝ ከሩሲያ ተሰደው የመጡ አይሁዶች ነበሩ። አባቱ በየጊዜው አዲስ ንግድ የሚሞክሩ ሰው ስለ ነበሩ ቤተሰቡም ከሠፈር ወደ ሠፈር ሲዘዋወር ኖረ። በ1910 ወደ ቤት የገባው ፒያኖ የተገዛው ለታላቅ ወንድሙ ለአይራ ነበር። ሆኖም ፒያኖው ገና ቦታውን እንደ ያዘ ተቀምጦ የተጫወተበት ታናሹ ጆርጅ ሆነ። አይራም ቦታውን በደስታ ለቀቀለት። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ የሥራ ጓደኞች ሆነው ኖሩ፤ ጆርጅ ዜማውን ሲደርስ አይራ ግጥሙን ይጽፍለት ነበር።

ጆርጅ ቻርልስ ሃምቢትዘር ከተባሉት መምህር የፒያኖ ትምህርት ተከታተለ። በ1914፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ መደበኛ ትምህርቱን አቋርጦ ሬሚክ በተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ተቀጠረ። ሥራው ድርጅቱ ያሳተማቸውን ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ በፒያኖ እየተጫወተ ለገዥዎች ማሰማት ሲሆን ደመወዙ በሳምንት 15 ዶላር ነበር። በ1919 የደረሰው ስዋኒ የተባለው ዘፈን፣ በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በአል ጆልሰን ድምፅ ሲቀርብ በአገሪቱ ሁሉ ተሰማ። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1924 ራፕሶዲ ኢን ብሉ የተባለው ሥራው በኒው ዮርክ ኤዮልያን አዳራሽ ቀረበ። ደራሲው ራሱ ፒያኖውን የተጫወተበት ይህ ሥራ የጃዝን ስልት ከኮንሰርት አዳራሽ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደ ነበርና የገርሽዊንን ስም ከአሜሪካ ውጭም አደረሰው። በ1925 ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የጻፈው ኮንቼርቶ በካርኔጊ አዳራሽ ቀረበ፤ በ1928 ደግሞ አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ የተባለው ሥራው ተከተለ።

የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ በ1935 የቀረበው ፖርጊ ኤንድ ቤስ የተባለው ኦፔራ ነው። ይህን ለመጻፍ በ1934 በጋ ወደ ደቡብ ካሮላይና ወርዶ፣ ከከተማ በራቀች ደሴት ሰንብቶ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን መዝሙርና ዘፈን ቀርቦ አዳመጠ። ሰመርታይም የተባለውን ዜማ የደራሲውን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ ሰምቶት ይሆናል፤ የተገኘው ከዚህ ኦፔራ ነው። ኦፔራው በኒው ዮርክ 124 ጊዜ ብቻ ታይቶ ባለገንዘቦቹን ለኪሳራ ዳረገ። በታላቁ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ የቀረበውም ደራሲው ከሞተ ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ነው።

የቆየው ሕመም

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው ጤና እያላቸው ጤና ከሚያጡ ሰዎች በአንዱ እጅ ነው። ገርሽዊን ለሚያየው ሰው ጠንካራ ነበር፤ ቴኒስና ጎልፍ ይጫወታል፣ በግብዣ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ፒያኖ ሲጫወት ያድራል፣ ከ1929 ወዲህም ሥዕል መሣል ጀምሮ በዚያም የሚመሰገን ሆነ። ዳሩ ግን ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሆድና የጨጓራ ሕመም አልተለየውም። ራሱም ይህን ሕመም ከሙዚቃ ደራሲነቱ ጋር አያይዞ የቀልድ ስም አውጥቶለት ነበር። ምግቡን ይመርጣል፣ የሐኪሞችን የአመጋገብ ትእዛዝ ይከተላል፤ ሆኖም ምርመራው ተጨባጭ ምክንያት ሊያሳይ አልቻለም።

ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም በዚያ ዘመን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራ ነበር፤ ይኸውም ወደ ነርቭ ነው። የሳይኮአናሊስስ ትምህርት በኒው ዮርክ ምሁራንና አርቲስቶች ዘንድ የተስፋፋበት ጊዜ ስለ ነበረ ገርሽዊንም በ1934 ዶክተር ግሪጎሪ ዚልቦርግ ከተባሉት ሐኪም ዘንድ መመላለስ ጀመረ። ይህን በማድረጉ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ የዘመኑ እውቀት ያመለከተው መንገድ ያ ነበር። ነገር ግን አንድ ውጤት አስከተለ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሐኪሞቹም ሆነ በወዳጆቹ ዘንድ ገርሽዊን ሆዱን የሚያመው ሰው ብቻ ሳይሆን ነርቩ የሚያስቸግረው ሰው ተብሎ ታወቀ። በኦገስት 1936 ለፊልም ሙዚቃ ለመድረስ ከወንድሙ ጋር ወደ ሆሊውድ ሲሄድ ይህ ስም አብሮት ሄደ።

ሆሊውድ ደግሞ ለዚህ ስም ተጨማሪ ማስረጃ የምትሰጥ ቦታ ሆነች። የፊልም ሠሪዎቹ ጭቅጭቅና የሥራው ጥድፊያ፣ ያላገባ ሰው ብቸኝነት፣ የኦፔራው ኪሳራ ያሳደረበት ቅሬታ፣ ይህ ሁሉ ሲደመር የገርሽዊን መከፋት ለማንም ግልጽ የሆነ ምክንያት ያለው ይመስል ነበር። ግልጽ የሆነ ምክንያት ባለበት ስፍራ ደግሞ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የ1937 ምልክቶች

በፌብሩዋሪ 1937 ገርሽዊን ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የራሱን ኮንቼርቶ ሲጫወት ለጥቂት ሰከንዶች ያህል ከራሱ ተለየ። ብዙ ጊዜ ከተጫወተው ከገዛ ሥራው ጥቂት የሙዚቃ ክፍል አመለጠው፤ ወዲያው ተመልሶ ቀጠለ። በዚያች ቅጽበት የሚቃጠል ላስቲክ ሸቶት እንደ ነበረ ከዚያ በኋላ ተናገረ። በአጠገቡ ግን የሚቃጠል ነገር አልነበረም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጠጉሩን ሲስተካከል ያው ማዞርና ያው ሽታ ተመለሰበት።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአፍንጫ አጠገብ የሌለ ነገር ሲሸት፣ ከሽታውም ጋር ሰው ለአፍታ ከራሱ ሲለይ፣ ነገሩ አጭር የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ምንጩም ብዙውን ጊዜ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል፣ ሽታን በሚመለከተው ስፍራ አካባቢ ነው። ይህን እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገልጠውት ስለ ነበር በ1937 አዲስ ግኝት አልነበረም። ስለዚህ እውቀቱ ነበረ፤ ምልክቱም ተነግሯል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው። የሚናገረው ሰው ነርቩ የሚያስቸግረው ገርሽዊን በመሆኑ ሽታውም ከነርቡ ተቆጠረ።

በጁን ወር ሕመሙ እየበረታ ሄደ። ከባድ ራስ ምታት ያዘው፤ ብርሃን ማየት ስለ አስጨነቀው መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ይቀመጥ ጀመር፤ ማዞሩ ተደጋገመ። ጣቶቹ በፒያኖ ላይ እንደ ቀድሞው አልታዘዙት አሉ፤ በማዕድ ላይ ሹካ ከእጁ ይወድቅ፣ ምግብም ይፈስበት ነበር። በዙሪያው ከነበሩት አንዳንዶቹ ይህን ሆን ብሎ ትኩረት ለመሳብ እንደሚያደርገው አድርገው ቆጠሩት። በዚህ ጊዜ የሚከታተሉት የሳይኮአናሊስስ ሐኪም ዶክተር ኤርንስት ዚመል ግን በአካሉ ላይ ያለ በሽታ እንዳይሆን ጠርጥረው ሌሎች ሐኪሞች እንዲመረምሩት አደረጉ። ለነርቭ ሕመም የተሾሙት ሐኪም የአካል ሕመም መጠርጠራቸው ሊመሰገንላቸው የሚገባ ነው።

በጁን 23 ቀን በሎስ አንጀለስ ሴዳርስ ኦፍ ሌባነን ሆስፒታል ገባ። በምርመራው በቀኙ የአፍንጫ ቀዳዳ የማሽተት ኃይሉ መቀነሱ ታወቀ፤ ከዚህ በቀር ብዙ የሚያስጠረጥር ነገር አልተገኘም። ሐኪሞቹ ከጀርባ አጥንቱ በመርፌ ፈሳሽ ወስደው ለመመርመር ቢጠይቁት ሥቃዩን ፈርቶ እምቢ አለ። በጁን 26 ቀን ከሆስፒታሉ ሲወጣ በመዝገቡ የተጻፈው ሕመሙ ምናልባት ሂስቴሪያ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ወደ ቤቱ ተመልሶ አስታማሚ ተቀጠረለት፤ ዕረፍትም ታዘዘለት።

በጁላይ 9 ቀን ወድቆ ራሱን ሳተ። ወደዚያው ሆስፒታል ሲመለስ ዓይኑ ሲመረመር የዓይኑ ነርቭ ጫፍ አብጦ ተገኘ፤ ይህም በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ከፍ ማለቱን ያሳያል። ለአምስት ወራት ሲጠራጠሩት የኖሩት ነገር በአንድ ምሽት ግልጽ ሆነ። ወዳጆቹ በአገሪቱ አሉ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ለማግኘት ተሯሯጡ። ዝነኛው ዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ ከቀዶ ሕክምና ጡረታ ወጥተው ስለ ነበር ዶክተር ዎልተር ዳንዲን ጠቆሙ። ዳንዲ በዚያ ሰዓት ከሜሪላንድ ገዥ ጋር በቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ በጀልባ ላይ ነበሩ፤ እስከ ዋይት ሐውስ ድረስ በተደረገ ጥሪ በባሕር ጠባቂዎች ርዳታ ተፈልገው ተገኙ። ይሁን እንጂ ወደ ካሊፎርኒያ ሊበሩ ኒውርክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሕመምተኛው ጊዜ እንደማይሰጥ ተነገራቸው። ቀዶ ሕክምናውን በዶክተር ሃዋርድ ናፍዚገር የተመሩት ሐኪሞች አደረጉ። በአንጎሉ የቀኝ ጎን፣ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው ክፍል፣ ግሊዮብላስቶማ የተባለ ክፉ እጢ ተገኘ። ገርሽዊን በጁላይ 11 ቀን 1937፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን 1929 ዓ.ም. ጧት፣ ሳይነቃ ሞተ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር።

ጥፋቱ ምን ነበር?

ፍርድ በምንሰጥበት ጊዜ ሚዛኑን መጠበቅ ይገባናል። በመጀመሪያ፣ እጢው በፌብሩዋሪ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ገርሽዊን ይድን ነበር ለማለት አይቻልም። ዳንዲም ከሞቱ በኋላ ለሐኪሙ በጻፉት ደብዳቤ፣ እጢው ቀደም ብሎ ቢወጣም ተመልሶ መብቀሉ እንደማይቀር ገልጠዋል። ዛሬም ቢሆን ይህ ዓይነቱ እጢ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በመድኃኒት ከታከመ በኋላ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ከሁለት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ብቻ ያገኛሉ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ወሳኝ ሊሆን ይችል የነበረውን አንድ ምርመራ የከለከለው ሕመምተኛው ራሱ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ የቀድሞው የሆድ ሕመም የፈጠራ ሕመም አልነበረም፤ ገርሽዊን በእርግጥ ይሠቃይበት ነበር።

እንግዲያስ የጠፋው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የጠፋው መታመን ነው። አንድ ሰው በዓለም ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የገዛ አካሉን ስሜት ነው። ያን ስሜት እየተናገረ፣ እየሸሸህ ነው፣ እያስመሰልህ ነው፣ ያው የዱሮው ነው ሲባል፣ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨመርበታል። ገርሽዊን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሥቃዩ በተጨማሪ የወዳጆቹን መሰላቸት ተሸክሟል፤ ሹካ ከእጁ ስለ ወደቀ የተቆጣው ሰው የወደቀው የሰውዬው አንጎል መሆኑን አላወቀም። ሕይወቱን ማትረፍ ባይቻል እንኳ እነዚያን አምስት ወራት እንደ ሕመምተኛ ተቆጥሮ፣ ተጠብቆና ታዝኖለት ሊያሳልፋቸው ይችል ነበር። ይህ ለማንም ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለቤተሰቡ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚኖሩበት ዘመን ሁሉ የኅሊና ዕረፍት ነው።

በሕክምና ጽሑፎች ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከ1982 ጀምሮ የራሱ ስም አለው፤ በአማርኛ የምርመራ ጥላ ብንለው ያስኬዳል። ስሙ የተሰጠው በአእምሮ ዕድገት ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ሌላ የአእምሮ ሕመም ሲያገኛቸው ምልክቱ ሁሉ በጉድለቱ እየተሳበበ መታለፉን ባስተዋሉ ተመራማሪዎች ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ሁሉ የሚያገለግል ቃል ሆኗል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ይህ ጥላ በእኛም ሙያ የታወቀ ነው። ኩሽኔታው በመበላቱ ሲጮህ የኖረ ሞተር ያለው ፋብሪካ እናስብ። ኦፕሬተሩም፣ የጥገና ክፍሉም፣ ኃላፊውም ጩኸቱን ለምደውታል። አንድ ቀን ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ኩሽኔታው ነው ይባላል። የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ አሁንም ያው ኩሽኔታው ነው ይባላል። በዚህ መካከል የመዳብ ጥቅልሉን የሚሸፍነው መከላከያ እያረረ ይሄዳል። ሞተሩ ተቃጥሎ ሲቆም ሁሉም ይደነግጣል፤ ነገር ግን ሽታው ለወራት ሲናገር ነበር።

በሞተሩም በሰውዬውም ላይ የስሕተቱ አሠራር አንድ ነው። የታወቀው ጉድለት ውሸት አይደለም፤ ስለዚህም ያሳምናል። አዲሱን ምልክት ሁሉ ለመግለጽ የተዘጋጀ ነውና ፍለጋውን ያስቆማል። ሁሉን ነገር የሚገልጽ ምክንያት ግን በእውነቱ ምንም ነገር አይገልጽም፤ ምን ቢገኝ ውድቅ እንደሚሆን ካልታወቀ ምርመራ ሳይሆን ልማድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ምልክት አንድ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የቆየው ጉድለት ብቻውን ይህን ሊያመጣ ይችላልን? የጨጓራ ሕመም ራስ ሊያዞር ይችል ይሆናል፤ የሚቃጠል ላስቲክ ግን አያሸትትም። ጭንቀት እንቅልፍ ይነሣል፤ የአንዱን አፍንጫ ቀዳዳ የማሽተት ኃይል ብቻ ለይቶ ግን አይቀንስም። ከቆየው ጉድለት ዝርዝር ውስጥ የማይገባ አንድ ምልክት ከተገኘ፣ የተቀሩት አሥሩ ቢገቡም እንኳ ፍለጋው እንደ አዲስ መጀመር አለበት።

ስለ መሣሪያም አንድ ነገር መታከል አለበት። ወደ ገርሽዊን ሊበሩ የተነሡት ዳንዲ፣ በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ አየር አስገብቶ በኤክስሬይ የማንሣትን ዘዴ በ1918 ያስተዋወቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ በ1937 የራስ ቅልን ውስጥ ለማየት የሚያስችል መንገድ ነበር፤ ከባድና አደገኛ በመሆኑ ግን ጠንካራ ጥርጣሬ ከሌለ አይሞከርም። ከዚያ ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ሕመምተኛውን ሳይነኩ አንጎሉን ሽፋን በሽፋን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን በሕመምተኛ ላይ ሠራ። የፈጠሩት ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ሐኪም ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1979ም ለመሣሪያው መሠረት የሆነውን ስሌት ከሠሩት ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለሙያችን የሚያኮራ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የትኛውም መሣሪያ በራሱ ተነሥቶ ሕመምተኛ አይጠራም። መሣሪያው ዘንድ የሚያደርሰው የአንድ ሰው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬውም የሚወለደው የሚናገረውን ሰው ከማመን ነው።

አይራ ገርሽዊን ከወንድሙ በኋላ 46 ዓመት ኖሮ፣ የወንድሙን ሥራዎችና ወረቀቶች ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በ1983 ሞተ። ጆርጅ ተጨማሪ 20 ዓመት ቢኖር ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም። እኛ ግን ከታሪኩ የምንወስደው አለን። በየቤታችን የቆየ ሕመም ያለበት ዘመድ አለ፤ በየሥራ ቦታችንም የቆየ ጉድለት ያለበት መሣሪያ አለ። ዛሬ ከትናንቱ የተለየ ነገር ሰማሁ የሚል ኦፕሬተር ወይም ዛሬ የተሰማኝ የዱሮው አይደለም የሚል ሕመምተኛ ሲመጣ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት ምን እንደ ተለየበት፣ መቼ እንደ ጀመረውና በምን ሰዓት እንደሚብስበት ጠይቀን እንጻፍ። ያው የዱሮው ነው ብለን የምንመልሰው ከዚህ በኋላ ብቻ ይሁን።